ለጋሽ ፈንታሁን የጻፍሁት የድጋፍ ደብዳቤ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ጥቁር ካባና ባለ ጭራ ቆብ ያደረግሁበት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የሰቀለችው ባለቤቴ ናት። እኔ ብሆን መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት መምህራን እየመጡ ከፎቶው ሥር ይቀመጡና «ጋሼ፣ ለትምህርት ቤት አመራር ማስተርስ መስፈርቱ ምን ምንድን ነው?» ይሉኛል። ማስታወቂያው በየስልካቸው አለ። ቢሆንም ሰው ከማስታወቂያ ይልቅ ሰውን ያምናል።

እኔም እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ። ትራንስክሪፕት፣ እሱም ከተማራችሁበት ኮሌጅ በቀጥታ የሚላክ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ አይቀበሏችሁም። የሥራ ልምድ ማስረጃ። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የስፖንሰር ደብዳቤ። የመግቢያ ፈተና። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሰው በሚያርፍበት ክረምት መማር፣ በሰው ትምህርት ቤት መለማመድ፣ መመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ፣ የጻፉትንም መምህራን ፊት ቆሞ መከላከል። ይህን ሁሉ በጣቴ ቆጥሬ ስጨርስ አንድ ይቀረኛል፤ የድጋፍ ደብዳቤ። እሱ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል መሰለኝ፣ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታኝ ትመለሳለች። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ደብዳቤ ነው።

ሥራ የጀመርሁት ማክሰኝት አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። የሂሳብ መምህር ነበርሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ፊሽካና አርጩሜ ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ከስብሰባ ስብሰባ ሲሄዱ ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ የሚጠፋቸው ዓይነት ነበሩ። ከሁለቱም ተምሬአለሁ፤ ከመጀመሪያው ልጅ ፊሽካ ሲሰማ እንደሚሮጥ፣ ከሁለተኛው ርዕሰ መምህር ሳይኖርም ትምህርት ቤት ውሎ እንደሚገባ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ አንባቢዬ መምህር ከሆነ ያውቀዋል፣ ካልሆነም ባያውቀው ይሻለዋል። በኋላ ባለቤቴ ባሕር ዳር ሥራ ስታገኝ ዝውውር ጠየቅሁና ጣና ዳር ባለ፣ ከከተማው በጀልባ በሚደረስበት አንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርና የሂሳብ መምህር ሆኜ ተመደብሁ። ጋሽ ፈንታሁንን ያገኘሁት እዚያ ነው። ርዕሰ መምህሩ እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ፈንታሁን ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከኮታቸው ኪስ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ክፍል ውስጥ መምህር ሊገመግሙ ሲገቡ እስክሪብቶ አይዙም። «እስክሪብቶ ይዘህ ከገባህ መምህሩ የሚያስተምረው እስክሪብቶውን ነው» ይሉ ነበር። ከኋላ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይሰማሉ። ከዚያ መምህሩን ወደ ቢሮ አይጠሩትም። ወደ ሐይቁ ዳር ይዘውት ይወርዱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል። እኔን የጠየቁኝን አልረሳውም።

«ከኋላ በግራ በኩል የምትቀመጠው ልጅ ስሟ ማን ነው?»

«አላወቅሁም ጋሼ።»

«እሷ ያንተን ታውቃለች» አሉና ስለ ዓሣ ማውራት ጀመሩ። በሳምንቱ የመቶ ምናምን ልጅ ስም በቃሌ ይዤ ነበር።

ልጆቻችን ገሚሶቹ ከማዶ በደንገል ታንኳ ነበር የሚመጡት። ነፋስ ባለበት ጠዋት ጋሽ ፈንታሁን ውሃው ዳር ቆመው ታንኳ ይቆጥራሉ። አንድ ከጎደለ ደወል አይደወልም። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ስቁነጠነጥ «ደወል ምን ያስቸኩለዋል?» ይሉኛል። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ ዝም ይላሉ፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይሄዳሉ። ሲሄዱም ስለ ትምህርት አያነሱም። ስለ ከብቱ፣ ስለ ጌሾው፣ ስለታመመው ሰው ይጠይቃሉ። በአራተኛው ቀን ልጁ ይመጣል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የአብነት ተማሪዎቹ ነገር ነው። በአካባቢው ባለው ደብር ጠዋት ጠዋት ዜማ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ከየኔታ እስኪለቀቁ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያልፋቸዋል። የፊተኛው ርዕሰ መምህር «ወይ ቤተ ክርስቲያን ወይ ትምህርት ቤት ምረጡ» ብለዋቸው ልጆቹ ቀርተው ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ሦስት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከየኔታው ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጡ። የተነጋገሩትን የሚያውቅ የለም። በአራተኛው ሳምንት የኔታ ትምህርቱን ቀደም አድርገው ጀመሩ፣ እኛም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ወደ ኋላ ገፋን። ልጆቹ በሙሉ ተመለሱ። ወረዳው «ያለ ፈቃድ የሰዓት ሠሌዳ ተለወጠ» ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው። እሳቸው ስለ ሥራው አንድ መስመር ሪፖርት አልጻፉም። «ልጆቹ ገብተዋል አይደል? ሪፖርቱ እነሱ ናቸው» አሉኝ።

ሪፖርት ቸል ይበሉ እንጂ አንድ የማይጥሱት ሕግ ነበራቸው። የትምህርት ቤቱ ማኅተም የነካው ወረቀት ሁሉ ከመውጣቱ በፊት በራሳቸው ገንዘብ በገዙት ደብተር ላይ በእጃቸው ይገለበጣል። ቃል በቃል፣ እስከ ነጥቡ። ደብዳቤ ስለማያበዙ አንድ ደብተር ዓመታት ይበቃቸው ነበር። ሲሞላ ወደ ቤታቸው ይወስዱታል።

እንዲህ እያለን ነው አዲሱ መመሪያ የመጣው። ሱፐርቫይዘሩ በጀልባ ይዞት መጣና መምህራኑን ሰብስቦ አነበበው። ከእንግዲህ ርዕሰ መምህር የሚሆነው በትምህርት ቤት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ነው፤ የሌለው ገብቶ ይማር፣ ካልተማረ ቦታውን ላለው ይልቀቅ። ጋሽ ፈንታሁን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ራሱ በክረምት ነበር የያዙት። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ሕይወታቸው ነበር፤ ልጅ አልወለዱም፣ ያላቸው ባለቤታቸው እትየ ጥሩወርቅና ያ ግቢ ነው።

በማግሥቱ ቢሮዬ መጡ።

«ደሳለኝ፣ በስተርጅና ተማሪ ልሆን ነው» አሉ እየሳቁ። «አንዱን የድጋፍ ደብዳቤ ከሥርህ የሚሠራ ይጻፍልህ ይላል ወረቀቱ። ከሥሬ ያለኸው አንተ ነህ።»

«በደስታ ጋሼ።»

«እንዳታሳምረው። እንዳየኸኝ ጻፍ።»

እዚህ ላይ ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ ከሐይቁ አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። ሰውን ሙሉ በሙሉ ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ባሳየኋቸው ጊዜ «የሚቀድምህ አልነበረም ማለት ነው» ብለው መለሱልኝ። ድጓ ለጨረሰ ተማሪያቸው «ይቀርሃል» ይሉታል። ሙሉ ምስጋና የእግዚአብሔር ነው፣ ለሰው ስትሰጥ ቆንጠር አድርገህ አስቀርለት፣ አለዚያ ዓይን ይበላዋል፣ ልቡም ያብጣል ብለው አሳድገውናል። በእኛ ቤት የተወደደ ሰው የሚታወቀው ጉድለቱ ሲነገረው ነበር።

ቅጹን ይዤ ተቀመጥሁ። በአንድ በኩል «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ሁሉንም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብል ማን ያምነኛል አልሁ። አለቃውን ሲያሽቃብጥ የጻፈው ነው ይላሉ። ስለዚህ «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ «ጥሩ»። ከሥሩ «የአመልካቹ ዋና ጉድለት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። ሌላ ሰው «የለም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ጉድለት የሌለው ሰው ብሎ መጻፍ ኃጢአት መሰለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ታታሪና ታማኝ ናቸው። ሆኖም ሪፖርት በወቅቱ አያቀርቡም፤ ከመመሪያ ይልቅ በራሳቸው ሐሳብ መሥራት ይቀናቸዋል።» የሰዓት ሠሌዳውን ማለቴ ነበር። በሕይወታቸው የሠሩትን ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ጉድለት ብዬ መዘገብሁት። ያን ጊዜ ግን ሚዛናዊ፣ የሚታመን፣ የሚጠቅማቸውም ደብዳቤ የጻፍሁ መስሎኝ ነበር።

ማኅተሙ ያለው እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ከፖስታው ጋር ሰጠኋቸው። «እዚህ ቆሜ ይታተምልኝ፣ እኔው ላሽገው» ማለት እንዴት ይቻላል? ሰውየውን አላምንዎትም ማለት ነው። «ተወው፣ አትሜ አሽገዋለሁ፤ ክፍል እንዳይረፍድብህ» አሉኝ። ሄድሁ። ጋሽ ፈንታሁን የሰው ደብዳቤ አያነቡም ብዬ ልቤን አሳረፍሁ። ማኅተም የነካ ወረቀት እንደሚገለበጥ ማወቁን አውቅ ነበር። ግን ሰው ሊያስብ የማይፈልገውን ነገር አለማሰብ ይችልበታል።

ውጤቱ ሲወጣ ስማቸው አልነበረም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተመልሰው ሲወርዱ ወደቡ ላይ ጠበቅኋቸው። «ጭንቅላቴ አርጅቷል ደሳለኝ፣ ፈተናው ከበደኝ» አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው የስድስተኛ ክፍልን አማርኛ አስተማሩ።

ወረዳው ከአንድ ትምህርት ቤት በዓመት ስፖንሰር የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተራውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ቅጽ ልወስድ ባሕር ዳር ወዳለው የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ክፍል ሄድሁ። የክፍሉ ሠራተኛ ደግ ሴት ነበረች። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ከእናንተ ዘንድ አምና አንድ ሽማግሌ መጥተው አልነበር? ምን ነበር ስማቸው… ፈንታሁን። አሳዝነውኝ ነበር። ፈተናውንኮ አልፈዋል፤ ልምዳቸውም ከሁሉ ይበልጥ ነበር። የጣላቸው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ትንሽ ነጥብ ናት የጎደለቻቸው።»

«የማን ደብዳቤ?» አልኋት።

«የጻፈውን እንጃ። ብቻ አንተ ለሚጽፍልህ ሰው ንገረው፤ ሁሉንም ‹እጅግ በጣም ጥሩ› ይበል። እዚህ ‹ጥሩ› ማለት ‹ተዉት› ማለት ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ደግሞ ማኅተም ነበረበት። ከቢሮው ወጥቼ ሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች ሥር ተቀመጥሁ። የሚደረገው ግልጽ ነበር። ማመልከቻው የሚዘጋው ገና በሳምንቱ ነው። ሄዶ «ጋሼ፣ የጣልሁዎት እኔ ነኝ። ፈተናውን አልፈዋል፣ ጭንቅላትዎም አላረጀም። ዘንድሮም ይግቡ፣ እንደገና እጽፋለሁ» ማለት ነው። በጀልባው ላይ ሆኜ ቃሉን ደጋግሜ አጠናሁት። ወርጄ ትምህርት ቤቱ ስደርስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ቅጹን አመጣህ? በል አምጣው፣ የእኔን ድርሻ ልሙላልህ» አሉ።

«ጋሼ…» አልሁ።

«አቤት?»

ጠበቁኝ። አሁን ሳስበው ብዙ ነው የጠበቁኝ። እኔም «ለምን እርስዎ ዘንድሮ አይሞክሩም?» አልሁ። ያልሁት ይህችን ብቻ ነው፤ የሰጠኋቸው ምክንያት የለም።

«የጣለኝ ጭንቅላቴ ነው አልሁህ እኮ። አንተ ወጣት ነህ፣ ሂድ ተማር። ትምህርት ቤቱ በማያውቀው ሰው እጅ ከሚገባ አንተ ብትይዘው ይሻላል።»

ቅጹን ሰጠኋቸው። ደብዳቤውን መጻፌ ስሕተት ነበር፤ ለስሕተት እግዚአብሔርም ይቅር ይላል። ያን ቀን ዝም ማለቴ ግን ስሕተት አልነበረም። አውቄ ነው። ፈራሁ፣ አፈርሁ፣ ከፍርሃቴ ሥር ደግሞ ዲግሪውን የምፈልግ ሰው ነበርሁ። ይህን ለመጻፍ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ።

ገባሁ። ክረምት ክረምት ተማርሁ። ስለ አመራር ዘይቤዎች ሲያስተምሩን ሁሉም ስማቸው የፈረንጅ ይሁን እንጂ እኔ የማየው ጋሽ ፈንታሁንን ነበር። መመረቂያ ጽሑፌ የቀሩ ተማሪዎችን ስለ መመለስ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ቤት መሄድን ምዕራፍ ሠራሁለት። ፈታኙ «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» ሲለኝ «ከአንድ ርዕሰ መምህር» አልሁ። ስማቸውን ግን መድረክ ላይ አልጠራሁም። ሲያጨበጭቡልኝ አንገቴን ደፋሁ፣ ትሕትና መሰላቸው።

በዚያው ዓመት ደብዳቤ መጣ። ርዕሰ መምህር እኔ ሆንሁ። ጋሽ ፈንታሁን መመሪያው የጠየቀውን አልተማሩም ተብሎ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ፤ በዚያው ግቢ፣ በእኔ ሥር። የርክክቡ ቀን መሳቢያውን ከፈቱና ማኅተሙን፣ ቁልፎቹን፣ ገና የተጀመረ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ማኅተሙን ጨብጠውት ትንሽ ቆዩ። «ቀለሙ ወደ ግራ ይበዛል፣ ጫን ስትል ቀኙን አጥብቀህ ጫን» አሉኝ። ከመሄዳቸው በፊት የተናገሩት ይኸው ነበር። እሳቸው ሲወጡ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ።

እስከ ጡረታቸው አራት ዓመት አብረን ቆየን። ነፋስ ባለ ጠዋት አሁንም ውሃው ዳር ይወርዳሉ፤ እኔም ደወሉን ይዤ የእጃቸውን ምልክት እጠብቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ማን እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር። አንድ የማዶ ገበሬ ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ እኔን አልፎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ። «እኔ አይዶለሁም፣ ዲሬክተሩ ያ ነው» ብለው መለሱት። ሰውየው አየኝና «እሱማ ተላላኪው መስሎኝ» አለ። ጋሽ ፈንታሁን በዚያ ዓመት እንደዚያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ትንሽ ቤት ተከራይተው ገቡ። እኔ እዚያው ከተማ ግሽ አባይ ሰፈር ነኝ፤ በወር አንዴ እሑድ እሄድ ነበር። ልናገር ወስኜ እሄዳለሁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አውርቼ እመለሳለሁ። በሄድሁ ቁጥር ወንበራቸውን ጎትተው ወደ እኔ ጠጋ ይላሉ። ጆሯቸው እየደከመ ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ እኔ ተመረጥሁ። መቃብሩ ዳር ቆሜ ሁሉንም አልሁት። ታንኳ ቆጠራውን፣ የአብነት ልጆቹን፣ ያ ትምህርት ቤት እሳቸው እንደነበሩ። እንደሳቸው ያለ ርዕሰ መምህር አላየሁም፣ አላይምም ብዬ በሙሉ አፌ ተናገርሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለቀስተኛው አለቀሰ፤ ለመስማት የሚገባው ሰው ግን ሣጥን ውስጥ ነበር።

እኔም ጡረታ በወጣሁ በወሩ እትየ ጥሩወርቅ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ወደ ወንድማቸው ቤት ሊዛወሩ ዕቃ እየሰበሰቡ ነበር። መደቡ ላይ የተቆለሉ ደብተሮች አሉ።

«አንዱን ለይቶ ለአንተ ይሰጥ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ሥራ ላይ ሳለ አትስጭው፣ ጡረታ ሲወጣ ይሁን ብሎኝ ነው የቆየሁት። ዓይኔ ደክሟል፣ እስኪ አንብብልኝ።»

ደብተሩ መካከል ላይ የኮባ ቅጠል ቁራጭ ለምልክት ገብቶበታል። ገለጥሁት። በግራ ገጽ፣ በዚያ በማውቀው ቀጥ ያለ እጅ ጽሕፈት፣ የእኔ ደብዳቤ ነበር። «ሆኖም ሪፖርት በወቅቱ አያቀርቡም፤ ከመመሪያ ይልቅ በራሳቸው ሐሳብ መሥራት ይቀናቸዋል።» ቃል በቃል፣ እስከ ነጥቡ። ገልብጠው፣ አትመው፣ አሽገው፣ በገዛ እጃቸው ይዘው ሄደው አስገብተውታል። በቀኝ ገጽ በዓመቱ ስለ እኔ የጻፉት ነበር። ድምፄን አውጥቼ ይህን የቀኙን አነበብሁ።

«ስለ አቶ ደሳለኝ ለተጠየቅሁት ሁሉ መልሴ እጅግ በጣም ጥሩ የሚል ነው። ጉድለቱ፦ የሚወደውን ሰው በሙሉ አፉ ማመስገን ይፈራል። ይህም ከአስተዳደጉ የመጣ ስለሆነ እንደ ጉድለት እንዳይቆጠርበት በትሕትና እለምናለሁ።»

ደብተሩን ከደንሁት። እትየ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞሩና፦

«ከፊቱ ያለውንስ ለምን ዘለልኸው?» አሉኝ።

«እትየ፣ እሱን… እሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጋሼን የጣልኋቸው እኔ ነኝ። እያወቅሁም ዝም አልሁ።»

ደብተሩን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉትና መልሰው ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«አውቃለሁ» አሉ። «እሱም ያውቅ ነበር። እኔ ስቆጣ ‹ተይው፣ አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል› ይለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ስትመጣ ወንበሩን ጎትቶ የሚጠጋህ ለምን ይመስልሃል?»